ጥለቱ ጠርቶ ዓይኗ ደበዘዘ፦ የፎከስ ስክሪን ስለመምረጥ

አያቴ ስታርፍ ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ፈልጉ ተባለ። ቤታችን ውስጥ ካሜራ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፎቶውም ነበረኝ። ከአራት ወር በፊት፣ እሁድ ጠዋት፣ በረንዳው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቀጥ ብላ እያየችኝ ያነሳኋት ነው። በካሜራዬ ጀርባ ላይ ትንሽ ሆኖ ሲታይ ልብ ይሰርቅ ነበር። በትልቁ ታትሞ ሲመጣ ግን ጉዱ ወጣ። የነጠላዋ ጥለት ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ጠርቷል፤ ዓይኖቿ ግን ደብዝዘዋል።

ለቀስተኛው ልብ አላለውም። ፎቶው ፍሬም ውስጥ ገባ፣ ተለቀሰበት፣ ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። ልብ ያሉት አጎቴ ብቻ ናቸው። በደርግ ጊዜ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። አጠገቤ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥለቱን ነው እኮ ያነሳኸው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

እኔ ግን ጥለቱን አላነሳሁም። ያን ጠዋት በቪውፋይንደሩ አጮልቄ ሳይ ዓይኖቿ ጥርት ብለው ነው የታዩኝ። ቸኩዬም አልነበረም፤ የሌንሱን ቀለበት ቀስ ብዬ አዙሬ፣ ጠራ ስል ነው የተጫንኩት። ታዲያ ማን ዋሸኝ? መጀመሪያ እጄን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ሌንሱን፤ የአጎቴ የድሮ 50 ሚሊሜትር ነው፣ አፐርቸሩ እስከ ኤፍ 1.4 ይከፈታል። ከዚያ ዓይኔን። መጨረሻ ላይ የተያዘው ጥፋተኛ ስሙን እንኳን ሰምቼው የማላውቀው፣ ከአውራ ጣት ጥቂት የሚበልጥ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ። የፎከስ ስክሪን ይባላል።

መጽሐፍ እንሄሳለን፣ ፊልም እንሄሳለን። ፎቶው ገና ፎቶ ሳይሆን፣ ምን እንደምናይ ቀድሞ የሚወስንልንን ዕቃ ግን ዝም ብለን እንቀበለዋለን። ይህ ጽሑፍ የዚያች ፕላስቲክ ሂስ ነው። በእጃችሁ ፎከስ የምታደርጉ ከሆነና ስክሪኑን ለመቀየር እያሰባችሁ ከሆነ ደግሞ የምርጫ ምክርም ይሆናችኋል።

ዓለምን ሳይሆን ስክሪኑን

በቪውፋይንደር ስናይ ዓለምን ቀጥታ የምናይ ይመስለናል። አይደለም። ኤስኤልአር በሚባለው ካሜራ ውስጥ በሌንሱ የገባው ብርሃን 45 ዲግሪ ጋደም ያለ መስታወት ላይ ያርፍና ወደ ላይ ይታጠፋል። እዚያ የፎከስ ስክሪኑ ላይ ምስል ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ያለው ፕሪዝም ምስሉን አቃንቶ ወደ ዓይናችን ያደርሰዋል። ማለትም የምናየው ሲኒማ ቤት እንደምናየው ዓይነት ነገር ነው፤ ሰሌዳ ላይ የወደቀ ምስል።

ሙሉ ነገሩ በአንድ ቃል ኪዳን ላይ ቆሟል። ከመስታወቱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ከመስታወቱ እስከ ሴንሰሩ ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ከሆነ ስክሪኑ ላይ የጠራው ሴንሰሩም ላይ ይጠራል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን የሚወሰነው በርቀቱ ብቻ አይደለም፤ በስክሪኑ ገጽም ጭምር ነው። ችግሬ የተደበቀው እዚህ ነበር።

የዚህ ስክሪን አያት የተፈጨ መስታወት ነው። እነዚያን ትልልቅ የእንጨት ካሜራዎች አስቡ፤ ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከኋላ የሚያይባቸውን። ሸካራ መስታወት ላይ ምስሉ ተገልብጦ ይታየዋል። መስታወቱ ልሙጥ ቢሆን ኖሮ ብርሃኑ ሰንጥቆት ያልፋል እንጂ ምስል አይዝም። ምስሉን የሚይዘው ሸካራነቱ ነው። ሻካራው ገጽ ብርሃንን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ በዚህም በጠራውና በደበዘዘው መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ዋጋው ጨለማ ነው፤ የተበተነው ብርሃን ሁሉ ዓይን ጋ አይደርስም።

ስለዚህ ከጥንቱም የፎከስ ስክሪን ምርጫ አንድ ጥያቄ ነው። ሸካራ ካደረግነው እውነቱን ያሳያል ግን ይጨልማል። ካለሰለስነው ይደምቃል ግን ልዩነቱን ይሸፋፍናል። ሁለቱንም እኩል የሚሰጥ የለም። የሚሸጥላችሁ ሰው ሁለቱንም ይሰጣል ካላችሁ፣ ቀስ በሉ።

ማን አደመቀው?

በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ስክሪኑን እንደ ሌንስ መቀያየር ይቻል ነበር። ለሕንፃ መስመር ያለው፣ ለፈጣን ሥራ መሐሉ ላይ የፎከስ መርጃ ያለው፣ ለሌላ ሥራ ደግሞ ምንም የሌለው ወጥ ሸካራ። ባለሙያው እንደ ሥራው ይመርጣል። የአጎቴ ፔንታክስ ስፖትማቲክ፣ በ1964 ገበያ የወጣ ሞዴል ነው፣ ስክሪኑ አይቀየርም፤ ግን መሐሉ ላይ ማይክሮፕሪዝም የሚባል ክብ አለው። ፎከስ ሲስት ክቡ ውስጥ ያለው ምስል ይፈረካከሳል፣ ይንቀጠቀጣል። ሲገኝ ደግሞ ድንገት ይረጋል። ያኔ ሌላ መንገድ ስላልነበረ ካሜራ ሠሪው የሚጨነቀው ለሚያተኩረው ዓይን ነበር።

ከዚያ ኦቶፎከስ መጣ። በ1985 የወጣው ሚኖልታ 7000 ኦቶፎከስን በካሜራው አካል ውስጥ አዋህዶ ገበያውን ቀየረው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ትልቁ መስታወት በከፊል ብርሃን እንዲያሳልፍ ተደረገ፤ ከብርሃኑ ጥቂቱ ወደ ታች ወርዶ የኦቶፎከሱን ሴንሰር ይመግባል። ለዓይናችን የሚደርሰው በዚያው ልክ ቀነሰ። ሁለተኛ፣ ከካሜራው ጋር በጥቅል የሚሸጠው ሌንስ 50 ሚሊሜትሩ መሆኑ ቀርቶ፣ አፐርቸሩ ከኤፍ 3.5 የሚጀምርና ዙም ሲደረግ እስከ 5.6 የሚወርድ ዙም ሆነ። ብርሃን ሲያንስ ሸካራ ስክሪን ጨለማ ይሆናል። መፍትሔው ስክሪኑን ማለስለስ ነበር፤ ገጹን በጣም ጥቃቅን በሆኑ ሌንስ መሰል ቅርጾች ሞልቶ፣ ብርሃኑ ሳይበተን በብዛት ወደ ዓይን እንዲሄድ ማድረግ።

እዚህ ላይ ተንኮል የለም። ደማቁ ስክሪን የተሠራው በእጁ ፎከስ ለማያደርግ ሰው ነው። ለእሱ ቪውፋይንደሩ ፍሬም መምረጫ ነው፤ ማሽኑ ያተኩርለታል። ጥፋቱ የሚመጣው እንደ እኔ ያለ ሰው የድሮ ሌንስ በአዳፕተር ገጥሞ፣ ያንኑ ስክሪን «እውነቱን ንገረኝ» ሲለው ነው።

ውሸቱን በራሳችሁ እጅ ለካሉት

ይህን ማመን የለባችሁም፤ ሞክሩት። እስከ ኤፍ 1.4 የሚከፈት ሌንስ በዲጂታል ኤስኤልአር ላይ ግጠሙ። በቪውፋይንደር እያያችሁ አፐርቸሩን ከ1.4 ወደ 2፣ ከዚያ ወደ 2.8 ዝጉ። የድሮ ሌንስ በአዳፕተር ከሆነ ቀለበቱን ማዞር ብቻ ነው፤ አዲስ ሌንስ ከሆነ አፐርቸሩን አስቀድሞ የሚዘጋውን ቁልፍ ይዛችሁ። ምንም ለውጥ አታዩም ማለት ይቻላል። አይጨልምም፣ ከኋላ ያለው ብዥታም አይቀንስም። ከ2.8 አልፋችሁ ወደ 4 ስትሄዱ ግን መጨለም ይጀምራል።

ምን ማለት ነው? ደማቁ ስክሪን ከሌንሱ ጠርዝ በሰያፍ የሚመጣውን ብርሃን ወደ ዓይናችሁ አያደርሰውም። መሐለኛውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሌንሱ 1.4 ላይ ተከፍቶ ዓይናችሁ የሚያየው 2.8 ገደማ ነው። ሴንሰሩ ግን ሁሉንም ይቀበላል።

ልዩነቱ በቁጥር ይኸውና። ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ባለው ካሜራ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አንድ ሜትር ላይ ላለ ሰው። በኤፍ 2.8 ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ከፊት እስከ ኋላ 6.7 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በኤፍ 1.4 ግማሹ፣ 3.4 ሳንቲሜትር። ዓይኔ የ6.7ቱን እያየ «ጠራ» አለ፤ ሴንሰሩ የሚያውቀው 3.4ቱን ብቻ ነበር። ከሰው ዓይን እስከ ጆሮ ያለው ርቀት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የአያቴ ጥለት ደግሞ በጆሮዋ በኩል ነው የወረደው። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ስሠራው ነው የገባኝ። እኔና ካሜራዬ ያን ጠዋት ያየነው አንድ ሴትዮ አልነበረም።

ስፕሊቱ፦ መልሱ አጭር፣ ጥያቄው ጠባብ

ስክሪን ልቀይር ስል ሰዉ ሁሉ የመከረኝ አንድ ነገር ነው። «ስፕሊት አስገባ፣ ትገላገላለህ።» ስፕሊት ማለት መሐሉ ላይ ያለች ክብ ናት፤ ውስጧ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጋደሙ ሁለት ትንንሽ ሽብልቆች አሉ። ፎከስ ሲስት የላይኛውና የታችኛው ግማሽ ይንሸራተታሉ፤ የበሩ መቃን ከወገቡ የተቆረጠ ይመስላል። ቀለበቱን ስታዞሩ ሁለቱ ይቀራረቡና ይገጥማሉ። «ይመስለኛል» የለም፤ ወይ ገጥሟል ወይ አልገጠመም። በ70ዎቹና በ80ዎቹ የወጡ ብዙ የፊልም ካሜራዎች ስፕሊቱን መሐል፣ ማይክሮፕሪዝሙን እንደ ቀለበት ዙሪያው አድርገው ይመጡ ነበር። ኒኮን ኬ የሚለው ዓይነት ይህ ነው።

እኔም አዘዝኩ። ከአገር ውጪ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ሁለት ወር ጠበቅኩ። ገጠምኩት፣ በደስታ አበድኩ፣ ወጥቼ ያገኘሁትን ሁሉ አነሳሁ። ቤት ስመለስ ሁሉም ስቷል፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ ካተኮርኩበት ወደ ኋላ።

ያ የስፕሊት ጥፋት አይደለም፣ የርቀት ነው። ቅድም ያልኩት ቃል ኪዳን ፈርሷል። የአዲሱ ስክሪን ውፍረት ከአሮጌው በጥቂቱ ይለያል፤ ጥቂቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስክሪኑ በዚያች ወረቀት ልክ ከቦታው ቢዛነፍ፣ በኤፍ 1.4 እያንዳንዱ ነጥብ ሴንሰሩ ላይ 0.07 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሆናል። «ጠርቷል» ለማለት የተለመደው ገደብ 0.03 ነው። አንድ ወረቀት ከእጥፍ በላይ አሳታችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው ስክሪኑ ላይ የሚነጠፉ፣ ከወረቀት የሳሱ ማስተካከያዎች ያሉት። ፎቶው ካተኮራችሁበት ወደ ኋላ ከጠራ ስክሪኑ ከመስታወቱ ርቋል፤ ወደ ፊት ከጠራ ቀርቧል። በማስመሪያ እያነሳሁ፣ እያወጣሁ፣ እያስገባሁ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብኝ። ተስተካከለ።

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ቅሬታዬ የጀመረው። ስፕሊት የሚሠራው የሚቆረጥ መስመር ሲያገኝ ነው። መሐሉ በአግድም ከተከፈለ ቁም መስመር ይፈልጋል። በር ይወዳል፣ ምሰሶ ይወዳል፣ የመጽሐፍ ጀርባ ይወዳል። የሰው ፊት ላይስ? ጉንጭ መስመር የለውም። ዓይን አለው፣ ግን ትንሽ ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ክብም ነው። ከዓይን አጠገብ ግን ሁልጊዜ የሚቀል ነገር አለ፦ የሸሚዝ ኮሌታ፣ የመነጽር ፍሬም፣ የነጠላ ጥለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶዎቼን ዘርግቼ ሳያቸው ኮሌታዎች ጠርተዋል፣ መነጽሮች ጠርተዋል። በእርግጠኝነት ጠርተዋል! የድሮው ስክሪን ሳላውቅ ወደ ጥለቱ ወሰደኝ፤ አዲሱ እያወቅኩ ወሰደኝ። እጄ መሣሪያው በቀላሉ የሚመልሰውን ጥያቄ መጠየቅ ለምዶ ነበር።

ሌላም አለ። ክቧ መሐል ላይ ናት፣ የሰው ዓይን ግን ፍሬሙ መሐል ላይ እንዲሆን ብዙ ጊዜ አንፈልግም። ስለዚህ ዓይኑ ላይ አተኩራችሁ ካሜራውን ዝቅ ታደርጋላችሁ። አንድ ሜትር ላይ አተኩራችሁ በ15 ዲግሪ ዝቅ ብታደርጉት፣ የጠራው ወለል ከዓይኑ 3.4 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ይወድቃል። ከላይ ያለውን ቁጥር አስታውሱ፤ በኤፍ 1.4 ያለን ሙሉ ጥልቀት 3.4 ነበር። ስፕሊቱ እውነቱን ነግሯችሁ፣ ቃሉን ሰምታችሁ፣ ዞር ስትሉ ውሸት ሆነ። ይህ በየትኛውም በመሐል ብቻ በሚያተኩር መሣሪያ ላይ ይደርሳል፤ ስፕሊቱ ግን እርግጠኝነቱ ስለሚያሳምን ይብሳል።

ትንሹን ጣጣ በአጭሩ ልለፈው። ሌንሱ ሲጠብ፣ ኤፍ 5.6 አካባቢና ከዚያ በታች፣ ከክቧ አንዱ ግማሽ ይጠቁራል፤ ሽብልቆቹ የሚሠሩት ከሌንሱ ጠርዝ በሚመጣ ብርሃን ስለሆነ። የጥቅል ዙም ለሚጠቀም ሰው ስፕሊት መግዛት ጥቁር ነጥብ መግዛት ነው።

ስለዚህ ፍርዴ፦ ስፕሊት መጥፎ አይደለም። ቆሞ ለሚጠብቅ ነገር፣ ለሕንፃ፣ ለዕቃ፣ ቀጥ ያለ መስመር ላለው ሁሉ፣ ደግሞም ዓይኑ ለደከመ ሰው ትልቅ እርዳታ ነው። ፊት ለማንሳት ግን እንደሚወራለት አይደለም።

ሸካራው

የቀረኝ ማንም ያልመከረኝ ነበር። ምንም ክብ የሌለው፣ ምንም የማይንሸራተት፣ ወጥ ሸካራ ስክሪን። ለአንዳንድ ካሜራዎች ይህንን ራሳቸው አምራቾቹ ሠርተውታል። ካነን በ2005 ለወጣው 5ዲ «ኢኢ-ኤስ»፣ በ2008 ለወጣው 5ዲ ማርክ 2 ደግሞ «ኢጂ-ኤስ» የሚል ስክሪን ነበረው፤ በ2012 የወጣው 6ዲም ኢጂ-ኤስን ይቀበላል። የተሠሩት ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ በላይ ለሚከፈቱ ሌንሶች ነው። እዚያው በ2012 የወጣው 5ዲ ማርክ 3 ግን ስክሪኑን ባለቤቱ ራሱ እንዲቀይረው ተብሎ አልተሠራም። የትኛው ካሜራ ይቀይራል፣ የትኛው አይቀይርም የሚለውን ሳታጣሩ ገንዘብ አታውጡ።

ሸካራውን ስገጥም መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነው። ጨለመ። ሳሎን ውስጥ ማታ ሳይ፣ መብራት ጠፍቶ ነው እንዴ አልኩ። ዓይኔ ሲለምድ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቀለበቱን ሳዞር ምስሉ በአንዴ ከብዥታ ወደ ጥራት ይዘላል። በደማቁ ስክሪን «ከዚህ እስከዚህ ጠርቷል» የምለው ሰፊ ሜዳ ነበረ፤ አሁን ሜዳው ጠፍቶ አጥር ሆነ። አጥሩን ለማግኘት ቀለበቱን ትንሽ አሳልፎ መመለስ፣ እንደገና ማሳለፍ፣ መመለስ ያስፈልጋል። እጅ ይማረዋል።

ከሁሉ የበለጠው ግን ይህ ነው። ሸካራው ስክሪን የትም ቦታ ላይ ይሠራል። ክብ የለውም፣ መስመር አይጠይቅም። ዓይኗን የፍሬሙ ላይኛው ጫፍ ላይ አስቀምጬ እዚያው ላተኩርበት እችላለሁ፤ ካሜራውን ማንቀሳቀስ የለም። ፊቷን ሁሉ ሳይ ጥለቱ ቀድሞ ይጠራል፣ ወይም ኋላ ይቀራል፤ አየዋለሁ፣ እተወዋለሁ፣ ዓይኗ ላይ እቆማለሁ። ስፕሊቱ መልስ ይሰጠኝ ነበር። ሸካራው የት ማየት እንዳለብኝ ለእኔ ተወልኝ። ደማቁ ደግሞ ሁሉንም ያሞግስ ነበር።

ጉድለቱን አልደብቅም። ኤፍ 4 እና ከዚያ የጠበበ ሌንስ ከገጠማችሁ ጨለማው ያስመርራል። የሚሮጥ ልጅ ላይ አይደርስም። ዓይኑ የደከመ ሰው ያለ ማጉያ ይቸገራል። እኔም ዛሬም እስታለሁ፤ ከአሥር ፎቶ ሁለት ሦስቱ ይሄዳል። ልዩነቱ ስስት አውቀዋለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች፣ በቅደም ተከተል።

አንደኛ፣ በቪውፋይንደሩ ጎን ያለችውን የዓይን ማስተካከያ አዙሩ። ከፊታችሁ ያለውን ዕቃ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ያሉትን መስመሮችና ምልክቶች እያያችሁ፣ እነሱ እስኪጠሩ ድረስ። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ስክሪን ይገዛል። ነጻ ነው፣ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ አንዳንዴም ችግሩ በሙሉ እሱ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ሌንሳችሁን እዩ። የምትጠቀሙበት ሁሉ ዙም ከሆነ ስክሪን አትቀይሩ። እስከ ኤፍ 2 ወይም 1.4 የሚከፈት ሌንስ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ብቻ ነው ዋጋው የሚመለሰው።

ሦስተኛ፣ የምታነሱትን እዩ። ፊት ከሆነ ሸካራ። መስመር ያለው ነገር ከሆነ ስፕሊት። በስፕሊት ፊት ማንሳት ካለባችሁ መሐሉ በሰያፍ የተከፈለውን ፈልጉ፤ ቁሙንም አግድሙንም መስመር ያነብባል።

አራተኛ፣ የብርሃን መለኪያውን አትርሱ። በእነዚህ ካሜራዎች መለኪያው የሚያየው በስክሪኑ በኩል ነው። ስክሪኑ ሲጨልም ዓለም የጨለመ መስሎት ፎቶውን ያነጣዋል። ለካሜራው የተሠራ ስክሪን ከሆነ ሜኑ ውስጥ የስክሪኑን ዓይነት የምትነግሩበት ቦታ አለ። የሌላ ሠሪ ከሆነ በሙከራ ራሳችሁ ታካክሱታላችሁ። ስፕሊት ላይ ደግሞ በመሐል ነጥብ ብቻ የሚለካውን ዘዴ አትመኑት።

አምስተኛ፣ በጣት አትንኩት። በወረንጦ፣ ከጠርዙ ያዙት። ገጹ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ጨርቅ ይጭረዋል፣ አልኮል ያበላሸዋል። አቧራ ከገባበት በአየር መንፊያ ብቻ። ካልወጣ ተዉት፤ ስክሪን ላይ ያለ አቧራ ፎቶ ላይ አይወጣም። እሱን ለማጥፋት ሲታገል ስክሪኑን ያበላሸ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ስድስተኛ፣ ገጥማችሁ ሳትጨርሱ ፈትኑት። ማስመሪያ በሰያፍ አስቀምጡ፣ ካሜራውን በትራይፖድ አቁሙ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ በቪውፋይንደር መሐሉ ላይ አተኩሩ፣ አንሱ። የጠራው ቁጥር ካተኮራችሁበት ጋር አንድ ካልሆነ ወደ ሥራ አትውጡ።

«ሚረርለስ አትገዛም እንዴ?»

ይህንን ጽሑፍ ለጓደኛዬ ሳነብለት ያቋረጠኝ እዚህ ጋ ነው። ልክ ነው። መስታወት በሌለው ካሜራ ቪውፋይንደሩ የሚያሳየው ሴንሰሩ ያየውን ነው። የርቀት ቃል ኪዳን የለም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ምስሉን አሥር እጥፍ አጉልቶ ዓይን ላይ ማተኮር ይቻላል። መግዛት የሚችል ይግዛ፤ ስክሪን ለመቀየር አይድከም። የድሮ ኤስኤልአር ያለውም ቢሆን፣ ካሜራው ላይቭ ቪው ካለውና የሚነሳው ነገር የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ በትራይፖድ ሆኖ የኋላውን መስኮት አጉልቶ ማተኮር ከየትኛውም ስክሪን ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሚረርለስ ላይ ፒኪንግ የሚሉት አለ፤ የጠራውን ጠርዝ በቀለም ያበራዋል። የጓደኛዬን ካሜራ ተውሼ እናቴን ሳይ መጀመሪያ የበራው ምን ይመስላችኋል? የነጠላዋ ጥለት። ፒኪንግ የሚፈልገው ጉልህ ጠርዝ ነው፤ ጥቁርና ነጭ የሚጋጭበትን። በዓይኗ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ቆዳ ዘግይቶ፣ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚበራው። ዓይንን ፈልጎ የሚያገኘው አዲሱ ኦቶፎከስ ይህን ፈትቶታል፣ አልክድም። በእጅ ለሚያተኩር ሰው ግን መሣሪያው ቢቀየርም ችግሩ ያው ነው። የሚቀለውን ያሳየዋል፤ የሚቀለው ደግሞ ሁልጊዜ የሚፈልገው አይደለም።

ለዚህ ነው ስክሪን መምረጥን እንደ ዕቃ ግዢ ብቻ ማየት የማልችለው። «የትኛው ይቀላል?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ቀላል ነው፤ ስፕሊቱ ይቀላል፣ ደማቁ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። «የትኛው የማነሳውን ሰው ፊት እንዳይ ያደርገኛል?» ስንል መልሱ ይለወጣል።

ባለፈው ፋሲካ እናቴን እዚያው በረንዳ ላይ፣ በዚያው ሌንስ አነሳኋት። ሸካራውን ስክሪን እንደገጠምኩ ነው። ቀለበቱን ወዲያና ወዲህ ሳደርግ ቆየሁና «አለቀ ወይስ ልግባ?» አለችኝ። አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሦስቱ ስተዋል። የቀሩትን ለአጎቴ ወስጄ በስልኬ አሳየኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ በጣታቸው አጎሉት። ጥለቱ ደብዝዟል። እሳቸው ግን ስለ ጥለቱ አላነሱም። «ደክሟታል አይደል?» አሉኝ። ከዓይኗ ነው ያነበቡት። ደክሟት ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቆማ አድራለች።